እርድ፣ እሬት፣ ጎመን እና የተቆጣ አንጀት፦ ከባሕር ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፋርማሲ መስኮት ጀርባ ብዙ ዓመት ቆሜአለሁ። ቅዳሜ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ሰው በአንድ እጁ የሐኪም ወረቀት፣ በሌላው በፌስታል የተቋጠረ እርድ ወይም ጥቁር አዝሙድ ይዞ ይመጣና «ዶክተር፣ የቱን ልያዝ?» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም። ስለ ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት፣ ስለ ተክሎችና ስለ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ከሚጠይቁኝ ውስጥ የሚመላለሱትን እዚህ ጽፌአለሁ። እንደ አመጣጣቸው ስለሆኑ መልሱ አንዳንዴ ረዝሟል፣ አንዳንዴ አጥሯል።

ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ማለት ጨጓራ ነው?

አይደለም። እኛ ዘንድ ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ስለሚባል ነው የሚምታታው። የአንጀት ብግነት በሚለው ስም ሥር ሁለት በሽታዎች አሉ። አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚባለው ከፊንጢጣ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ትልቁን አንጀት ብቻ ያቆስላል፤ ቁስሉም የውስጠኛውን ሽፋን ተከትሎ ይሄዳል። ክሮንስ የሚባለው ደግሞ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፤ አንዱን ቦታ አቁስሎ ቀጣዩን ይዘለዋል፣ የአንጀቱንም ግድግዳ ዘልቆ ይገባል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሽታውን ለይቶ ከጻፈው ከአሜሪካዊው ሐኪም ከቡሪል ክሮን ነው።

ሁለቱም ተላላፊ አይደሉም። ሁለቱም ይነሳሉ፣ ይበርዳሉ፣ ተመልሰው ይነሳሉ። ሰውን የሚያታልለው ይህ መብረዱ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የገዛ ሕዋሳቴ ለምን አንጀቴን ያጠቃሉ?

የአንጀት የውስጥ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ 30 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ሁሉ ስፋት በውስጡ ከሚያልፈው ምግብና ከማይቆጠሩ ባክቴሪያዎች የሚለየው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ያለው ሽፋን እና በላዩ የተለበጠ ንፍጥ ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ደንገሉን ያስብ። ደንገሉ በቆመበት ደለሉ ተጣርቶ ይቀራል፤ ደንገሉ በታጨደበት ጎርፉ የያዘውን ሁሉ ይዞ ይገባል።

ከሽፋኑ ኋላ ጠባቂዎቹ አሉ። ማክሮፋጅ የሚባለው በላተኛ ሕዋስ ሰርጎ የገባውን ይውጣል፣ ኬሚካል ረጭቶም ሌሎችን ይጠራል። ከሚረጫቸው አንዱ ቲኤንኤፍ ይባላል። ኒውትሮፊል ጥሪውን ሰምቶ ከደም ውስጥ እየሮጠ ይደርሳል፤ ጠላትን ያቃጥላል፣ በአጠገቡ ያለውንም ሥጋ አብሮ ያቃጥላል። ቲ ሕዋሳት ደግሞ ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ የሚለዩ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሥራቸው መዋጋት ሳይሆን «በቃ» ማለት የሆነ አሉ፤ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ይባላሉ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ለይቶ አሳያቸው። በ2025 ከሜሪ ብራንኮው እና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የሕክምናውን ኖቤል የተሸለመው በዚሁ የምርምር መስክ ነው።

በአንጀት ብግነት ጊዜ «በቃ» ባዩ ይደክማል። ዕድሜ ልክ አብረውን የኖሩ ባክቴሪያዎች እንደ ጠላት ይቆጠራሉ፤ ማክሮፋጁ ይጮኻል፣ ኒውትሮፊሉ ይጎርፋል፣ ሽፋኑ ይቆስላል፣ በቁስሉ በኩል ሌላ ባክቴሪያ ይገባል፣ ጩኸቱም ይብሳል። መነሻው አንድ ነገር አይደለም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ፣ የአንጀት ባክቴሪያዎች ዓይነት፣ አመጋገብና አካባቢ ተደማምረው ነው። ሐኪም የሰገራ «ካልፕሮቴክቲን» ምርመራ ካዘዘልዎት የሚለካው ኒውትሮፊሎች ትተውት የሚሄዱትን ፕሮቲን ነው፤ ግርግሩ ምን ያህል እንደሆነ በእግር ዱካ እንደመገመት ነው።

አሜባ ነው ተብዬ ስንት ጊዜ ፍላጂል ዋጥኩ። ለምን አይለቀኝም?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ታናሽ ወንድሜ ትዝ ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ እየተመላለሰበት፣ በሄደበት ክሊኒክ ሁሉ «አሜባ» ተብሎ ይመለስ ነበር። እኔም የተማርኩት ሰው ፍላጂሉን ከመደርደሪያ እያነሳሁ እሰጠው ነበር። በሽታው በራሱ ጊዜ ሲበርድ መድኃኒቱ የሠራ ይመስለናል፤ ሲነሳ «አዲስ አሜባ ነው» እንላለን። በመጨረሻ በኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) ታይቶ፣ ናሙናም ተወስዶ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ምክሬ ከጥፋቴ የመጣ ነው፦ ሁለትና ሦስት ጊዜ ታክሞ የተመለሰ ደም ያለው ተቅማጥ በአራተኛው ፍላጂል አይፈታም።

ግን በተቃራኒው መሳሳትም አለ፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። የምንኖረው ጣና ዳር ነው። በሐይቁ ዳርቻ የአንጀት ቢልሃርዚያ አለ፤ ዓሣ አስጋሪውም፣ የሚዋኘው ልጅም፣ ልብስ የሚያጥበውም በቀንድ አውጣ በኩል ይያዛል። ቢልሃርዚያ ትልቁን አንጀት አቁስሎ ደም ያስቀምጣል። አሜባም በእውነት አለ። የአንጀት ቲቢ ደግሞ ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበትን ቦታ ይወዳል፤ ክሮንስም የሚወደው እዚያኑ ነው፤ በዓይን አይቶ መለየት ለሠለጠነ ሐኪምም ይከብዳል። ክሮንስ ነው ተብሎ መከላከያን የሚያደክም መድኃኒት ለቲቢ ሕመምተኛ ቢሰጥ ቲቢው በሰውነቱ ይሠራጫል። ብግነትን የሚያበርደው ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ያልታከመ አሜባ ባለበት አንጀት ላይ ቢሰጥ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል ካለም በስቴሮይዱ ምክንያት ተራብቶ ሊገድል ይችላል።

ስለ ተክል ከመነጋገራችን በፊት በሽታው ታውቋል ወይ ብዬ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

ተክል ከእነዚህ ሕዋሳት ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ? ወይስ ወሬ ነው?

ወሬ አይደለም። ለአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ከሚታዘዙት የቆዩ መድኃኒቶች አንዱ ሰልፋሳላዚን ነው፤ ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትስ በመጀመሪያ ለመገጣጠሚያ ሕመም ብላ ነው ያሠራችው። ክኒኑ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ለሁለት ይከፍሉታል፤ የሚሠራው ክፍል የሳሊሲሌት ቤተሰብ ነው። ሳሊሲሌት ደግሞ በወንዝ ዳር ከሚበቅለው ከአኻያ ቅርፊት ከሚገኘው ንጥረ ነገር ጋር ዝምድና አለው። ይህን ስል አኻያ ልጦ ለመቀቀል የሚነሳ አይጠፋም። ተዉ። የዚያው ሰፊ ቤተሰብ ጎረቤት የሆኑት የሕመም ማስታገሻዎች ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የአንጀት ብግነትን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ በስም መዛመድ በሥራ መመሳሰል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ጎመን ነው፤ እኔን ከሁሉም የሚያስደስተኝ እሱ ነው። ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ዘመዶቻቸው ሲከተፉና ሲፈጩ ኢንዶል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይወጣሉ። በአንጀት ሽፋን መካከል ተሰግስገው የሚኖሩ ተከላካይ ሕዋሳት እነዚህን የሚቀበል «ተቀባይ» አላቸው፤ ቁልፍና መቆለፊያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ የተሠራ ጥናት ይህን ንጥረ ነገር የሌለው ቀለብ የተመገቡ አይጦች ሕዋሳቱን እንዳጡ፣ ከጎመን ቤተሰብ የሚገኘው ኢንዶል ቀለባቸው ላይ ሲጨመር ግን ሕዋሳቱ እንደተጠበቁ አሳየ። አይጥ አይጥ ነው፤ ጎመን ብሉና ዳኑ የሚያሰኝ አይደለም። ነገር ግን ቅጠሉ ከሕዋሱ ጋር የሚነጋገርበት በር በእርግጥ እንዳለ ያሳያል።

በዚያው በር በኃይል ሲገባ የሚሆነውም ታይቷል። ሰማያዊ ቀለም ከሚወጣባቸው ተክሎች የሚዘጋጅ አንድ የቻይና ዱቄት በጃፓን በአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ብዙዎቹን አሻላቸው፤ ከተጠቃሚዎች አንዳንዶቹ ግን የሳንባ የደም ሥር ግፊት ያዛቸው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ለሚሉኝ የምነግራቸው ይህንን ነው።

እርድ ይሠራል ሲባል ሰማሁ። ምን ያህል ልብላ?

ከእርድ ውስጥ የሚሠራው ኩርኩሚን የሚባለው ቢጫ ንጥረ ነገር ነው። በማክሮፋጅ ውስጥ የብግነት ትእዛዝ የሚያስተላልፈውን «ኤንኤፍ ካፓ ቢ» የተባለ ማብሪያ ይጫናል፤ ቲኤንኤፍም ይቀንሳል። ከላቦራቶሪ ወጥቶ በሰው ላይም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓን ውስጥ በሽታቸው የበረደላቸው 89 የአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ሕመምተኞች መደበኛ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ግማሹ ኩርኩሚን፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ለስድስት ወር ወሰዱ። ከተገመገሙት ውስጥ በኩርኩሚን በኩል ከ43 ሰው 2፣ በማስመሰያው በኩል ከ39 ሰው 8 አገረሸባቸው። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ መድኃኒቱ ብቻውን ላልበቃቸው 50 ሰዎች፣ ለገሚሶቹ ለአንድ ወር በቀን 3 ግራም ኩርኩሚን፣ ለሌሎቹ ማስመሰያ ጨመረላቸው፤ ኩርኩሚን ከወሰዱት ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት ሲበርድላቸው፣ ማስመሰያ ከወሰዱት ግን ለአንዱም አልበረደለትም።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ ሦስት ገደማ ነው። የጃፓኖቹ መጠን በቀን 2 ግራም ነበር። ይህን ከተፈጨ እርድ ለማግኘት በቀን 65 ግራም ያህል እርድ መብላት ይኖርብዎታል። ለአንድ ድስት አልጫ የምንጨምረው አንድ የሻይ ማንኪያ ሦስት ግራም ቢሆን ነው፤ እሱንም ቤተሰብ ይካፈለዋል። ስለዚህ አልጫው ይጣፍጥ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ጥናቶቹ ላይ የተሰጠው የተጣራ፣ የተመዘነ ክኒን ነው። ሁለቱም ጥናቶች አልሰሬቲቭ ኮላይተስን እንጂ ክሮንስን አለመመልከታቸውን ልብ ይበሉ። ሁለቱም በመድኃኒት ላይ ጨመሩ እንጂ መድኃኒቱን አልተኩም።

ከገበያ ተፈጭቶ የሚሸጠው እርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ከምን ጋር እንደተፈጨ አይታወቅም። ሥሩን ገዝቶ ቤት ማስፈጨት ይሻላል። እናቶቻችን ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁ ነበር።

ከቁንዶ በርበሬ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይሠራል ይባላል?

ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ይጨምራል፤ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሕንድ ውስጥ በቁንዶ በርበሬ ያለው ፒፐሪን በሰው ደም ውስጥ ያለውን ኩርኩሚን ወደ 20 እጥፍ ከፍ እንዳደረገ ታይቷል። ነገር ግን የታመመው አንጀቱ ነው፤ ወደ ደም ሳይገባ አንጀት ውስጥ የቀረው ኩርኩሚን ከቁስሉ ጋር እየተነካካ ያልፋል። ፒፐሪን በተጨማሪ የሌሎች መድኃኒቶችንም መጠን በደም ውስጥ ሊያንረው ይችላል። የተጠናከረ የእርድ ክኒን ከቁንዶ በርበሬ ጋር የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው የተጎዳበት አጋጣሚም በተለያዩ አገሮች ተመዝግቧል። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ የእርዱ ቀለም ነው ብለው አይለፉት።

እሬትስ?

እሬትን የምናውቀው ጡት በማስጣል ነው፤ ያን ምሬት የቀመሰ ሕፃን አይረሳውም። ቅጠሉ ሁለት ነገር ይዟል። ከልጡ ሥር ያለው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ኃይለኛ አስቀማጭ ነው፤ የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ቢጠጣው ተቅማጡን ያብሳል፣ ፖታሲየሙንም ያሳጣዋል። መሐሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ውስጥ ይኸው ዝልግልግ በ44 የአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ፣ በቀን ሁለት ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር ለአራት ሳምንት ከጠጡት 30 ሰዎች ለ9ኙ በረደላቸው፤ ማስመሰያ ከጠጡት 14 ሰዎች ለ1 ብቻ። ጥሩ ጅምር ነው፤ ትንሽ ጥናት ግን ነው። የተሞከረውም አሎ ቬራ የሚባለው ዝርያ ነው፤ በእኛ ገደል ላይ የሚበቅሉት እሬቶች ሌሎች ናቸው። በቢላ ልጠው መራራውን ከጥርቱ ሙሉ በሙሉ መለየት አይችሉም። አልመክርም።

ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል?

በምግብ መጠን፣ ሆድዎ ከተስማማው ይብሉ። ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ታይሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር በአይጥ አንጀት ላይ ብግነት ቀንሷል፤ በሰው ላይ ግን እንደ ኩርኩሚን አልተፈተነም። ፌጦ የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ ነው፤ በጥሬው በባዶ ሆድ ሲጠጣ የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው፤ በሽታው በተነሳበት ሰሞን ይቅር። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርት በብዛት ከመዋጡ በፊት ይንገረን።

ኮሶ ወይም እንዶድ ብጠጣ ከነሥሩ አይነቅለውም?

የሚነቀል ትል የለም እኮ! ኮሶ የኮሶ ትልን ያስወጣ ነበር፤ ሲበዛም ዓይን ያጠፋ፣ ሰው ይገድል ነበር። እንዶድማ ጨርሶ የሚጠጣ አይደለም። የእንዶድ ክብሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ፍሬው ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አሳዩ። ለውኃው እንጂ ለሆድ አይደለም።

ተከላካይ ሕዋሶቹን ራሳቸውን መድኃኒት ማድረግ አይቻልም?

እየተሞከረ ነው። የሕመምተኛውን ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ከደሙ አውጥቶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አራብቶ መልሶ መስጠት ነው ሐሳቡ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በ20 የክሮንስ ሕመምተኞች ላይ ሞክሮታል። ገና የምርምር ደረጃ ላይ ያለ ነገር ነው፤ «የሕዋስ ሕክምና አለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካገኙ ይሽሹ።

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ግን ሕዋሳቱን በሌላ መንገድ ይይዟቸዋል። ኢንፍሊክሲማብ (ለክሮንስ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው) ማክሮፋጁ የሚረጨውን ቲኤንኤፍ ይይዛል። ቬዶሊዙማብ ደግሞ ሕዋሳቱ ከደም ወደ አንጀት የሚገቡበትን በር ይዘጋል። ውድ ናቸው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋሉ። ኢንፍሊክሲማብ ከመጀመሩ በፊት የተደበቀ ቲቢ መመርመር እኛ አገር የማይዘለል ነገር ነው።

ጾም ላይ ነኝ። ምግቡ ይጎዳኛል?

የጾም ምግቡ ራሱ መጥፎ አይደለም። ጤፍ፣ ምስርና ጎመን አሰር አላቸው። አሰሩን የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡቲሬት የሚባል ነገር ይሠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስት የምርምር ቡድኖች በየፊናቸው ቡቲሬትና መሰሎቹ በአይጥ ውስጥ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳትን እንደሚያበዙ አሳይተዋል። በሽታው ሲበርድ አሰሩ ወዳጅ ነው። ሲነሳ፣ በተለይም ክሮንስ አንጀቱን አጥብቦት ከሆነ ግን፣ ያልተፈጨ ጥራጥሬ፣ ቆሎና የተልባ ፍሬ ሊዘጋው ይችላል፤ ሽሮና የተከካ ምስር ይሻላል።

የሚያስቸግረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ነው። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው፤ ሰልፋሳላዚንም በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ። ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፤ ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። አንዲት እናት «አባ የፈቀዱልኝን አንቺ ዶክተር አትከልክይኝ» ብለውኝ ያውቃሉ፤ የተፈቀደላቸው መብላቱ ነበር፣ እሳቸው የቀነሱት ክኒኑን ነው።

ጸበል ልገባ ነው። መድኃኒቱን ላቁም?

አያቁሙ። ወደ ደሴቶቹ ገዳማትም ቢሄዱ፣ ዘጌም ቢከርሙ፣ የሚቆዩበትን ቀን ያህል ክኒን ቆጥረው ይያዙ። ፕሬድኒሶሎንን ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም ሰውነቱ ራሱ የሚያመነጨው ተመሳሳይ ሆርሞን ገና ስላልተነሳ ራሱን ሊስት ይችላል። የሚቀነሰው ሐኪም በሰጠው መርሐ ግብር ደረጃ በደረጃ ነው።

እርጉዝ ነኝ። ቅጠላ ቅጠሉስ?

ጤና አዳምን በብዛት ቀቅሎ መጠጣት ማሕፀን ያነሳሳል፤ ይቅርብዎ። ከፌጦም ከተጠናከረ የእርድ ክኒንም ይራቁ። ሰልፋሳላዚን በእርግዝና ሊቀጥል ይችላል፤ ፎሊክ አሲድ ስለሚያሳጥር ግን እሱ አብሮ መታዘዝ አለበት። ፅንስን የሚጎዳውን ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪምዎ ጋር ይሂዱ። እርግዝናን ከምንም በላይ የሚጎዳው ግን በሽታው ሲነሳ ዝም መባሉ ነው።

መቼ ነው ሳልውል ሳላድር ሆስፒታል የምሄደው?

በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለው ተቅማጥ ኖሮ፣ ከዚያ ላይ ትኩሳት ከ37.8 ካለፈ ወይም የልብ ምት በደቂቃ ከ90 ከበለጠ። ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዝ ውስጥ ትሩላቭ እና ዊትስ ካወጡት የመጣ ነው፤ ቴርሞሜትርና ሰዓት ብቻ ስለሚጠይቅ ሐኪም በሌለበትም ይሠራል። ሆድ ተነፍቶ ሲነካ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ወይም ማስታወክ መጥቶ ሰገራና አየር ከተቋረጠ ደግሞ ምንም መቁጠር አያስፈልግም። በዚህ ጊዜ እርድም፣ እሬትም፣ እኔም አንጠቅምም። ከሐይቁ ማዶ ያላችሁ ለቅዳሜ ገበያ ስንመጣ እናየዋለን አትበሉ፤ የመጀመሪያዋን ጀልባ ያዙ።